ጋሽ ተካልኝ የመሰከሩልኝ ቀን

ባለፈው ሐሙስ ከወረዳው ሁለት ልጆች መጡ። ልጆች የምለው ለኔ ነው እንጂ አንደኛው ራሰ በራ ነው። ከኔ በላይ ባለው ግቢ አንድ ሰው በረንዳውን ዘግቶ ክፍል አድርጎታል። ሰውዬው ድሮም ክፍል ነበር ይላል፤ ወረዳው ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው ይላል። ፒያሳ አብዛኛው ፈርሶ፣ መንገዱ ሰፍቶ፣ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበትኖ፣ የድሮውን የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ እኔ ቀርቻለሁ። ራሰ በራው ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ እርስዎ ካሉ ይበቃናል» አለኝ።

ይቺን ቃል ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ሌላ ሰው ፈልጉ አልኳቸው። ለመኑኝ፣ እምቢ አልኩ። ሽማግሌው ግትር ነው እየተባባሉ ሄዱ። ግትርስ ነኝ፣ ሠፈሩ ያውቃል። የሐሙሱ ግን ግትርነት አልነበረም። አፍሬ ነው።

ነገሩ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ የሆነ ነው። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ማኪያቶ አፈላ ነበር። ቤቴ እሪ በከንቱ ቁልቁለቱ ላይ፣ አባቴ ትቶልን የሞተው ቤት ነው። ቤት ስል አንዲት ክፍል ናት፤ እናቴና ሁለት እህቶቼ አልጋ ላይ፣ እኔ መሬት። ለጥር ሠርግ ተቆርጦልኝ ነበር። ሚስት አምጥቼ የት አስገባታለሁ እያልኩ ወተቱን ስንት ጊዜ አሳርሬያለሁ።

ያኔ ወረዳ ሳይሆን ቀበሌ ነው። ቀበሌው አዲስ ክፍል መሥራት ከልክሏል፤ የነበረውን ማደስ ግን ይቻላል። የነበረ ለመሆኑ ካርታ ያለው ሰው በኛ ሠፈር አልነበረም። ስለዚህ ሽማግሌ ይመሰክራል። ሽማግሌው «አውቀዋለሁ፣ የቆየ ነው» ካለ ክፍሉ ይተርፋል፤ ካላለ ይፈርሳል። የኛ ሠፈር ምስክር ጋሽ ተካልኝ ነበሩ። የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው ዓይናቸው አልቋል፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ምንም አያዩም። ቢሆንም የቀበሌው ሰዎች የሳቸውን ቃል እንደ ማኅተም ነበር የሚቀበሉት። ለስንቱ አሮጌ ማድ ቤት፣ ለስንቱ አጥር መስክረው አትርፈዋል። ውሸት ሲናገሩ የሰማ የለም።

እኔ ነሐሴን መረጥኩ። በክረምት ያን የሚያዳልጥ ቁልቁለት የሚወርድ ሹም የለም። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜና እሑድ ቋሚውን ተከልን፣ ማገሩን መታን፣ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ረገጥን። ዝናቡ አላስቆም ሲለን ቆርቆሮ ሥር ተጠግተን የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን እንሳሳቅ ነበር። እግራችን እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ አፋችን ጥቀርሻ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ምርጊቱ ሲያልቅ ማስረጀት ጀመርኩ። ይሄ በሠፈራችን የታወቀ ጥበብ ነው። ጣሪያውን የዛገ ቆርቆሮ ከመርካቶ አምጥቼ አለበስኩት። ውስጡን የወየበ ጋዜጣ ለጠፍኩበት። ውጪውን ጥላሸት በውሃ በጥብጬ ቀባሁት። እናቴ እንኳ አይታ የአያቴ ቤት መሰለኝ ብላለች።

ከዚያ ጋሽ ተካልኝ ዘንድ ሄድኩ። በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከጓሮ ያለችው ክፍል አባቴ የሠራት ናት፣ እኔ ያደስኩት ጣሪያዋን ብቻ ነው፣ ቀበሌ እንዳያፈርስብኝ ይመስክሩልኝ አልኳቸው።

«ግርማ፣ ያባትህ ናት?»

«ያባቴ ናት፣ ጋሼ።»

«እኔ እንግዲህ አላይም። በአንተ ዓይን ነው የማየው።»

«ያባቴ ናት አልኩዎት እኮ።»

እሺ አሉ። በአባቴ ስም ዋሸኋቸው፤ ያውም ቀብሩ ላይ ፊት ፊት የሄዱ እሳቸው ነበሩ።

መስከረም ገብቶ ዝናቡ ሲቀልል የቀበሌው የቤቶች ኃላፊ ዶማና ዲጂኖ ከያዙ ሁለት ሠራተኞች ጋር ወረደ። ሠፈርተኛው ተሰበሰበ። ጋሽ ተካልኝ በልጃቸው በአስካለ ትከሻ ተደግፈው መጡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው። ኃላፊው አከበራቸው።

«ጋሽ ተካልኝ፣ እርስዎ ካሉ ይበቃናል።»

«የቆየ ነው» አሉ። «ያባቱ ነው።»

ኃላፊው ደብተሩን ከፍቶ ሊጽፍ ሲል አንደኛው ሠራተኛ ለሽንት ነው መሰለኝ ወደ ኋላ ዞረ። የኋላው ግድግዳ ወደ ገደሉ ስለሆነ ማንም አያየውም። እኔም ጥላሸቱን ከቀባሁ ወዲህ አልዞርኩበትም፤ ጨለማው ሳይገፈፍ ወጥቼ መሽቶ ነው የምገባው። ሠራተኛው እየሳቀ ተመልሶ ኃላፊውን በእጁ ጠራው። ሁላችንም ተከትለን ዞርን።

ግድግዳው በቅሏል። በጭዱ ውስጥ የቀረው ጤፍ እርጥበቱን አግኝቶ፣ ጥላሸቱን እየበሳ፣ ከላይ እስከ ታች ችምችም ብሎ አረንጓዴ ሆኗል። የቆየ ግድግዳ ጤፍ አያበቅልም። ይሄን ሕፃን ያውቃል።

«አዝመራው ጥሩ ነው» አለ ሠራተኛው። «ለኅዳር ይደርሳል።»

ሰዉ ሳቀ። ኃላፊው የጋሽ ተካልኝን እጅ ይዞ ወሰደና ግድግዳው ላይ አኖረላቸው። ሰዓት ሲፈታ የኖረው ጣታቸው ቡቃያውን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ቶሎ አላነሱትም።

«ጋሼ፣ የቆየ ነው ያለዎት ማነው?» አለ ኃላፊው።

ጋሽ ተካልኝ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። የት እንደቆምኩ በምን እንዳወቁ እንጃ፤ ልክ ወደኔ ነው ያዞሩት። ጠበቁኝ። እኔ ነኝ ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። የማስበው ግን ስለ ቅጣቱ፣ ስለ ሠርጉ ነበር። ሰዉ ሲስቅ እኔም ፈገግ ብዬ፣ ፈገግታው ፊቴ ላይ ቀርቶ ነበር።

«ማንም አላለኝም» አሉ። «ዓይኔ ነው። ደክሟል።»

ክፍሏ በግማሽ ሰዓት ፈረሰች። ሠርጉ አልቀረም፤ አንዲቷን ክፍል በመጋረጃ ከፍለን ሚስቴን አገባኋት። የፈረሰው ሌላ ነገር ነው። ከሁለት ወር በኋላ እትዬ ማሚቴ የምትባል፣ ቆሎ እየቆላች የምትኖር መበለት ማድ ቤቷን ልታጣ ሆነ። የእሷ እውነተኛ አሮጌ ነበር፣ እኔ ሕፃን ሆኜ የማውቀው። ጋሽ ተካልኝ ሊመሰክሩ ሄዱ። ኃላፊው የርስዎን ምስክርነት ጤፍ ወርሶታል ብሎ መለሳቸው። ማድ ቤቱ ፈረሰ፤ እትዬ ማሚቴም ዕቃዋን አሸክማ ወንድሟ ጋ ሄደች። በዚያው ወር ጋሽ ተካልኝ የዕድር ዳኝነቱን ተዉ። ዕድሜ ነው አሉ። ሰው ሁሉ አመነ፣ ከኔ በቀር።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖረዋል። በበራቸው ባለፍኩ ቁጥር እጅ እነሳ ነበር፤ በድምፄ አውቀው «ደህና ነህ ግርማ» ይሉኛል። ሌላ ነገር አላሉኝም፤ እኔም አላልኳቸውም። ቀብራቸው ላይ ሬሳውን ተሸክሜያለሁ። ያንንም ሰው አይቶ፣ እንዴት ያለ ታማኝ ጎረቤት ነው ብሎኛል።

የወረዳው ልጆች ከሄዱ በኋላ የአስካለን ስልክ ፈልጌ አገኘሁ። ሠፈሩ ሲፈርስ ዳር አገር ኮንዶሚኒየም ገብታለች፤ አሁን እሷም አሮጊት ናት። ደወልኩ። ሰላምታው ሲያልቅ ያን ቀን አባትሽን የዋሸኋቸው እኔ ነኝ፣ ዓይናቸው አይደለም አልኳት። ለመናገር የፈጀብኝ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

«እናውቃለን» አለችኝ። «አባባ ማታውኑ ነግሮናል። ልጁ ራሱ መጥቶ ይነግረኛል፣ እናንተ እንዳትናገሩት አለን።» ቀጥላም፣ «ቆየህ እኮ፣ ግርማ» አለች።

ይቅርታ አልኳት። እሷም ለኔ አይደለም የሚባለው አለች፤ በቁጣ አልነበረም። ከዚያ ስለ ጉልበቷ ሕመም አወራን።

ከኔ ደጅ እስከ ጋሽ ተካልኝ ደጅ አርባ እርምጃ አይሆንም ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ተራምጄዋለሁ።