ድንጋዬ አቤት አላለም

ይህ ነገር ሱቄን አስከፍሎኛል። ነቀምት ገበያ አፍ ላይ የነበረ፣ ደህና የቆመ ሱቅ ዘግቼ ኡኬ ከተማ የገባሁት ገበያ ፈልጌ አይደለም፤ የአንዲት እናት ምስጋና አባሮኝ ነው። ምክንያቱን ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ፊቴን ስለማታዩት ነው።

በደርግ ጊዜ ጎረቤቴ ኦቦ ቶላሳ ጠመንጃ ደብቀዋል ተብለው ታሰሩ። ጠመንጃውን ግን ቀደም ብለው አስረክበው ነበር፤ የርክክቡ ወረቀት አውራጃው መዝገብ ቤት፣ በስማቸው በተከፈተው ፋይል ውስጥ አለ። እስረኞቹ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ሊጫኑ ነው ተባለ። የቀረው ያንን አንድ ፋይል አውጥቶ ለእስር ቤቱ ኃላፊ ማሳየት ብቻ ነበር።

የመዝገብ ቤቱ አሠራር እንዲህ ነው፦ ጠዋት በመስኮቱ ስም ትሰጣለህ፤ ጸሐፊው ውስጥ ገብቶ ሲፈልግ አንተ ውጭ ጉዳይህን ታያለህ። ሲያገኘው ብቅ ብሎ ስሙን ይጠራል። አቤት ያለ ይወስዳል፤ አቤት ባይ ከሌለ ፋይሉ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል።

ሚስታቸው አዴ ጫልቱ እዚያው ሊጠብቁ ፈልገው ነበር። ከልክዬ የላክኋቸው እኔ ነኝ። እርስዎ ስንቃቸውን ያድርሱ፣ እኔ ከመስኮቱ ንቅንቅ አልልም አልኩ። ማን አስገደደኝ?

ወዲያው ከአኖ ከተማ በኩል የጨው መኪና ገባ ተባለ። ጨው ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ቀድሞ የደረሰ ነው የሚያገኘው። በቀበሌው የስኳር ሰልፍ እንደለመድነው በቦታዬ ድንጋይ አስቀምጬ ሄድኩ። በስኳር ሰልፍ ድንጋይ ሰው ነው፤ ተራውን ማንም አይነካበትም። ድንጋይ አቤት እንደማይል አላውቅም ነበር? አውቃለሁ። ጨው አሳወረኝ ልበል? ጨው እግሬን ይዞ አልጎተተኝም። የሄድኩት እኔ ነኝ።

ስመለስ መስኮቱ ተዘግቷል። ስሙ ተደጋግሞ መጠራቱን የነገረኝ ዘበኛው ነው። «ድንጋይህ ዝም አለ» ብሎ ሳቀብኝ።

እስከዚህ ያለው ስግብግብነት ነው፤ ለእሱስ ስም አለው። ከዚህ በኋላ ላደረግሁት ስም አላገኘሁለትም። አዴ ጫልቱ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ነስሩ፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ተገኘ?»

«አልተገኘም፤ እየፈለጉ ነው። ነገ ይደርሳል።»

እውነቱን ብናገር የት ነበርክ ይሉኛል ብዬ ነው። ጸሐፊው የሚኖረው እዚያው ነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ሚስቱና አዴ ጫልቱ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይዘምራሉ። ተገኝቶ ተመለሰ ብላቸው ኖሮ ያን ምሽት በሩን አንኳኩተው ሰውየውን ከእራቱ አስነሥተው ፋይሉን ያስወጡት ነበር። አልተገኘም ስላልኩ ቤታቸው ገብተው ጸለዩ። ለእኔም ጭምር ጸልየዋል፤ ኋላ ነግረውኛል።

በማግስቱ መስኮቱ ሳይከፈት እስረኞቹን የጫነው መኪና ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር «ወንድሜ፣ ለእኛ ደክመሃል» ይሉኛል። ለአላፊ አግዳሚውም ያወሩልኛል። አንድ ቀን እንኳ ቢሰድቡኝ ኖሮ ሱቄን አልዘጋም ነበር። እንዲሰድቡኝ ግን እውነቱን መንገር ነበረብኝ፤ ያንንም ፈራሁ። ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ። ርካሽ ንዴት ነው፤ ማንንም አያስፈታም።

ማሩኝ አልልም። ምሕረቱ የእሳቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ የሚምሩት ነገር እንዳለ አያውቁም።

ሒሳቡ ይኸው፦ ጨው ተሸጧል። ፋይሉ መደርደሪያው ላይ ነው። ኦቦ ቶላሳ አልተመለሱም።