ቦራዋ ላም የተጎበኘች ዕለት

አክስቴ የምትኖርባት የከብትና የእርሻ ከተማ ከአዋሳ ብዙም አትርቅም። ከተማ የምላት ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ያላት አንድ አቧራማ መንገድ፣ አንድ ሻይ ቤትና የሚቆጥራቸው የሌለ መፈክሮች ናቸው። ከብቶቿ ከሰዎቿ ይሻላሉ፤ ቢያንስ አይዋሹም።

በደርግ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዋሳ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በአንዲት ቦራ ላም ወተት ነበር። ከዚያችው ወተት ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሚስት በየጠዋቱ ቅል ትልካለች፤ ሞልቶ ይመለስላታል። በአክስቴ ወግ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሴትዮዋ ይህን ወግ ከአክስቴም አብልጣ ታከብረው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ስደርስ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሥልጣን የማኅበሩን የወል ከብት ሊጎበኝ ነው ተባለ። የወል ከብት የሚባል ነገር አልነበረም። ሊቀመንበሩ መንጋውን ሲያረባ የከረመው በሪፖርት ላይ ነው። ስለዚህ የየቤቱን ላም ሰበሰበ። ቦራዋንም ከጥጃዋ ለይቶ፣ ቅቤ ቀብቶ ሊወስዳት መጣ።

«ማታ ትመልሳታለህ አይደል?» አለችው አክስቴ።

«እትዬ፣ አብዮቱን አያምኑም እንዴ?»

ባለሥልጣኑ የመጀመሪያውን መስክ ጎብኝቶ ሻይ ሲጠጣ፣ እነዚያው ላሞች በአክስቴ ጓሮ እየተነዱ ወደ ሁለተኛው መስክ ተሻገሩ። ቦራዋ ካልታለበ ጡቷ ወተት እያንጠባጠበች አለፈች። እኛም ለጭብጨባ ተጠርተን ተከተልናቸው። ሰውየው ያንኑ መንጋ ዳግመኛ አይቶ፣ «ዝርያው እንዴት ተመሳስሏል!» ብሎ ተደነቀ። የተማረ ነው አሉ።

ይኼኔ ቦራዋ ከመንጋው ወጥታ መጣችና አክስቴ ፊት ቆማ እምቧ አለች።

«እናቴ፣ ላሟ የእርስዎ ናት?» አለ ባለሥልጣኑ።

ሊቀመንበሩ አፈጠጠባት። የእኔ ናት ብትል አድኃሪ ተብላ መታሰሯ ነው።

«የማኅበሩ ናት» አለች።

«እንዲህ ያለች ላም ለመንግሥት እርባታ ትጠቅመን ነበር።»

«ማኅበራችን በደስታ አበርክቷታል!» አለ ሊቀመንበሩ፤ ቀድሞም አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ቦራዋን በጭነት መኪና ወደ አዋሳ ወሰዷት።

እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ጥጃው ጓሮ ውስጥ ይጮኻል። የሊቀመንበሩ ሚስት እንደ ልማዷ ቅሏን ላከች። አክስቴ ተቀብላ፣ በደንብ አጥባ፣ ባዶውን መለሰችላት።