አሰጋሽ የምትዘላቸው አሥራ አራት መስመሮች

አሰጋሽ ነገራ ኮድ መጻፍ የጀመረችው በሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሌላው ሰው በዚህ ዕድሜ ጉልበቴን አመመኝ ይላል፤ እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ ቀያይራ ሩዋንዳ ሰፈር ያለ ማሠልጠኛ ትገባና፣ ልጆቿ ሊሆኑ በሚችሉ ወጣቶች መሐል ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የመጀመሪያዋ ፕሮግራም ስሟን ስክሪኑ ላይ የጻፈችላት ቀን፣ ደስታው አላስችል ብሏት ለታክሲው ረዳት ሳይቀር በስልኳ አሳየችው። ረዳቱ አየት አድርጎ «ጎበዝ እናት፤ ሂሳብ» አላት።

ሥራዋ ከቦሌ ካርጎ አጠገብ ባለ የአበባ ላኪ ድርጅት ነው፤ የቀዝቃዛው ክፍል ተቆጣጣሪ ናት። ጽጌረዳው ከእርሻ ሌሊት ሌሊት በማቀዝቀዣ መኪና ይመጣል። መኪናው ውስጥ ዳታ ሎገር የሚሏት፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል መሣሪያ አለች፤ በየአሥር ደቂቃው ሙቀቱን እየለካች ትመዘግባለች። ድርጅቱ አዲስ ሎገር የገዛ ሳምንት፣ ፋይሏን ከፍቶ ግራፍ የሚሥል ፕሮግራም አሰጋሽ ራሷ ጻፈች። መጀመሪያ አስቸግሯት ነበር። ከቁጥሮቹ በፊት ስለ መሣሪያዋ ማንነት የሚናገሩ አሥራ አራት መስመሮች አሉ፤ ፕሮግራሙ ቁጥር ሲጠብቅ ወሬ እየገጠመው ቀጥ ይላል። አስተማሪዋ ዝለያቸው አላት፤ ዘለለቻቸው። ግራፉም እንደ ጉድ ወጣ፤ አይቶ ያላደነቀላት ሰው በግቢው አልቀረም።

ረቡዕ ጠዋት ያ የተደነቀ ግራፍ ጉቱን ከሥራ ሊያስወጣው ሆነ።

ጉቱ የማቀዝቀዣው መኪና ሾፌር ነው። አባቱ ያርሱት የነበረው መሬት ዛሬ አሰጋሽ የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ሰፍሮበታል፤ እሱም ባገኛት ቁጥር «እትዬ አሰጋሽ፣ የአባቴን ጤፍ እንዳይረግጡብኝ» እያለ ይቀልድባታል። ያን ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። ግራፉ ላይ የመኪናው ሙቀት ከሦስት ዲግሪ ተነስቶ አሥራ ዘጠኝ ደርሷል፤ ሰዓቱ ማክሰኞ ከ03:10 እስከ 04:40 ይላል። ኮምፒውተር የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነውና፣ ይህ ማለት ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ አበባው እንደተጫነ፣ መኪናው መንገድ ላይ ሳለ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ተወልደብርሃን፣ ጉቱ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ነዳጁን ሸጦታል ብለው ደመደሙ። የስንብት ደብዳቤው ከምሳ በፊት እንዲደርሰው አዘዙ። ጉቱ ቢምል ቢገዘት፣ እንኳን ማቀዝቀዣውን ሬዲዮውንም አላጠፋሁ ቢል፣ ሰሚ አላገኘም።

አሰጋሽ ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ ቁጭ አለች። ጉቱን ታምነዋለች፤ ፕሮግራሟንም ታምነዋለች፤ ሁለቱ ደግሞ አብረው እውነት ሊሆኑ አልቻሉም። ሎገሯን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝታ ፋይሉን እንደገና አወረደች። ምን እንደምትፈልግ እንኳ አታውቅም። ብቻ እጇ ዝለል የምትለዋን ትእዛዝ አጠፋና፣ በምትኩ አሥራ አራቱን መስመሮች አንድ በአንድ አውጣልኝ ብሎ ጻፈ።

ወጡላት። የመሣሪያዋ ሞዴል። መለያ ቁጥሯ። ባትሪዋ ዘጠና አንድ በመቶ። ፋይሉ እንደ ሰው ሙሉ መታወቂያውን ይዞ በር ላይ ቆሞ ሳለ እሷ በጎኑ እየሾለከች ትገባ እንደነበር ገባትና ሳቋ መጣ። አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ሳቋ ቆመ። ፋይሉ ሲወርድ የመሣሪያው ሰዓት 05:20 ይላል። አሥራ ሦስተኛው ደግሞ፣ ፋይሉ ሲወርድ የኮምፒውተሩ ሰዓት 11:20።

ልዩነቱ ድፍን ስድስት ሰዓት። በዚህ አገር ድፍን ስድስት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። የሎገሯ ሰዓት የተሞላው በሐበሻ አቆጣጠር ነው። 03:10 ያለችው ሌሊቱን ሳይሆን ጠዋቱን ነው፤ ሦስት ሰዓት ከአሥር። ያን ጊዜ አበባው ከተራገፈ ቆይቷል፤ ጉቱ ጓሮ ውስጥ በሩን ብርግድ አድርጎ መኪናውን እያጠበ ነው፤ ፀሐዩም ውስጥ ድረስ ገብቷል።

አሰጋሽ ከወንበሯ ብድግ ብላ እስክስታ ልትመታ ምንም አልቀራት። ወዲያው ግን ተመልሳ ተቀመጠች። የሎገሯን ሰዓት ማን ነበር የሞላው? ባለፈው ሐሙስ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ቁልፏን እየተጫነች፣ የእጅ ሰዓቷን እያየች የሞላችው እሷው ናት። መሣሪያዋ ተበላሽታ ነው ብትል ማንም አይመረምራትም፤ ስሟም እንደተከበረ ይቀራል። ግን የተበላሸ መሣሪያ ጉቱን አያጠራውም፤ ሌብነቱ እንደ ጥርጣሬ ተለጥፎበት ይኖራል።

ኮምፒውተሯን ታቅፋ አቶ ተወልደብርሃን ቢሮ ገባች።

«ሰዓቷን የሞላሁት እኔ ነኝ» አለች ሳትቀመጥ። «ከእጄ ሰዓት አይቼ። ጉቱ ያጠፋው ነገር የለም።»

«ማስረጃዎ ምንድን ነው፣ ወይዘሮ አሰጋሽ?»

ሁለቱን መስመሮች አሳየቻቸው። ቀጥላም መኪናው በእርግጥ መንገድ ላይ የነበረበትን ጊዜ አወጣች፤ ሎገሯ የሰኞ ማታ 21:10 ብላ የጻፈችው ነው። እስከ 22:40 ድረስ ሦስት ዲግሪ፣ ሦስት ዲግሪ፣ ሦስት ዲግሪ። አቶ ተወልደብርሃን ስክሪኑን አዩ፤ ከዚያ የራሳቸውን የእጅ ሰዓት አዩ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል። እኔም ብሆን ከዚህችው አይቼ ነበር የምሞላው አሉና፣ የተፈረመውን ደብዳቤ ለሁለት ቀደዱት። ለጉቱ እርስዎው ይንገሩት አሏት።

ጉቱ ጓሮ ነበር። ብርድ ልብሱንና የሻይ ፔርሙሱን ከጋቢና አውጥቶ ፌስታል ውስጥ ከቷል። ሁሉንም ነገረችው፤ መስመሮቹን፣ ስድስቱን ሰዓት፣ የእጅ ሰዓቷን። እስክትጨርስ አዳመጣት።

«ሊያስባርሩኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት ማለት ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያተረፉኝስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ተቻቻለ» አለና ፌስታሉን ወደ ጋቢናው መልሶ ወረወረው።