የአክስቴ ጉርሻ

ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ እየበላሁ ሳለ አንድ የውጭ አገር ተማሪ ፈገግ ብሎ ቀረበኝ። እንግሊዝኛ እየተማረ እንደሆነ ነግሮኝ «ለመለማመድ ትንሽ ብናወራስ?» አለኝ። ደሜ ፈላ።

አስረኛ ክፍል ሳለሁ እንደሱ ካሉ ሦስት ተማሪዎች ጋር ተዋወቅሁና አክስቴ ዓሣ ወደሚጠብሱበት ዳስ ይዣቸው ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝ! አክስቴ እሾሁን ለቅመው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ ዳጣ አስነክተው አንዷን ሊያጎርሷት እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቷ ፊቷን አጨማዳ እጃቸውን በሁለት ጣቷ ገፋ አደረገችው። ጉርሻው አየር ላይ ቀረ።

«ንገራት» አሉኝ አክስቴ ዝግ ብለው፤ «እጄን ታጥቤያለሁ።»

በእንግሊዝኛ ነገርኳት። እነሱ ግን ዓረፍተ ነገሩን ወደዱት። ሦስቱም እየሳቁ «እጄን ታጥቤያለሁ፣ እጄን ታጥቤያለሁ» እያሉ በእንግሊዝኛ ይለማመዱት ጀመር።

«ምንድነው የሚሉት?» አሉኝ አክስቴ።

«እርስዎ ያሉትን ነው፣ እትዬ።»

አክስቴ የዘረጉትን እጅ አላጠፉም። «ከገባቸው ታዲያ ለምን አትጎርስም?»

የዛሬው ልጅ አሁንም ፈገግ እንዳለ ፊቴ ቆሟል። ዓሣዬን ዳጣ አስነክቼ እጄን እስከ አፉ ድረስ ዘረጋሁለት።

«መጀመሪያ ጉረስ» አልኩት፤ በአማርኛ።