ባለ አንድ ጓንቱ ኑርሑሴን

ኑርሑሴን ጀውሃራን ማግባት እንደሚፈልግ የነገረኝ በፈረንጆቹ 1986 ዓ.ም.፣ መስከረም ሊገባደድ ሲል ነው። የዓሣ ባልዲውን የጓሮ በራችን ላይ አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "እማማ፣ እርስዎ ቢነግሩልኝ ትሰማለች። እኔ ከጠየቅኋት ትስቅብኛለች" አለኝ። እሺ አልኩት። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አፌን አልከፈትኩም። ሰው ለሰው ዋስ ከመሆኑ በፊት ዋስ የሚሆንለትን ማወቅ አለበት። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ኑርሑሴን የደበቀን ነገር እንዳለ ልቤ ነግሮኝ ነበር።

ኑርሑሴን አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር ቀስ የሚል የወሎ ሰው ነው። በሱዳን በኩል መጥቶ ሲያትል ከገባ አራት ዓመቱ ነበር። በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ሲያጥብና ሲያጣጥፍ ይውላል። ሬኒየር ቢች በሚባለው የከተማው ሠፈር፣ እኔና ልጄ ቶይባ ከምንኖርበት ቤት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከሦስት ወንዶች ጋር በአንድ አፓርታማ ይኖራል። የዓሣው ሽታ አስመርሯቸው "ዕቃህን አውጣ" ስላሉት፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎቹንና የዕቃ ሳጥኑን እኛ ጓሮ፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ያለበት በረንዳ ላይ ያስቀምጥ ነበር።

ዓሣ ማጥመድ ያስተማረው ሌስተር የሚባል የሥራ ባልደረባው ነው። ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በፒክአፕ መኪናው እየጫነ ወደ ሰሜን ያሉትን ትንንሽ ሐይቆች ሁሉ አዙሮ አሳይቶታል። ባስ የሚሉትን ዓሣ ያወቀውም በእሱ ነው። ጀርባው አረንጓዴ፣ ሆዱ ነጣ ያለ፣ አፉ ከራሱ የሚሰፋ ዓሣ ነው። ሌስተር የያዘውን ሁሉ መንጠቆውን ነቅሎ ወደ ውሃው ይመልሰው ነበር። ኑርሑሴን መጀመሪያ ይህን ሲያይ "ላትበላው ለምን አስጨነቅኸው?" ብሎት ሁለቱም በሳቅ ሊሞቱ ነበር። ሌስተር ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ ግን ኑርሑሴን ብቻውን ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ በእግሩ ይወርዳል። የያዘውንም አይመልስም።

ያ ዓሣ ለእኛ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሐላል ሥጋ እንደ ልብ አይገኝም። ወንዶቹ በወር አንዴ አንድ ገበሬ ዘንድ ሄደው በግ ያርዳሉ፤ እሱ ካለቀ ምስር ነው። ዓሣ ግን መታረድ አያሻውም፤ ማን አረደው፣ ምን ብሎ አረደው አይባልበትም። ኑርሑሴን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ለእኛ፣ ሁለት ለጀውሃራ ያመጣ ነበር።

ጀውሃራ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። ካርቱም ሳለች ያገባችው የመጀመሪያ ባሏ እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ ሚስትና ሁለት ልጆች እንዳሉት ያወቀችው በተጋቡ በአራተኛው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድ ዝም ካለ ትጠረጥራለች፤ ከተናገረም ትጠረጥራለች።

"እማማ፣ ይሄ ሰውዬ ከገበያ እየገዛ ነው እንዴ የሚያመጣልን?" አለችኝ አንድ ቀን።

"ባልዲው ውስጥ ሲንፈራገጥ አይተሽው የለ?"

"አምና በአንድ ቅዳሜ መዳፌን የማይሞላ አንድ ዓሣ ያመጣ ነበር። ዘንድሮ ባልዲ ሙሉ! ወይ ዓሣው ሞኝ ሆኗል፣ ወይ ኑርሑሴን ብልጥ ሆኗል። ብልጥ ወንድ ደግሞ እኔ በቅቶኛል።"

"ተማረ እንጂ። ሰው አይማርም?"

"ሳጥኑንስ ለምን ይቆልፈዋል? ዓሣ ነው የሚሰርቀው?"

ዱሮ ሳጥኑን ከፍቶ ዕቃውን እንደ ሱቅ ይደረድርልን ነበር። ቀይና ነጭ የተቀባ የእንጨት ዓሣ፣ ውሃ ውስጥ ሲጎተት የሚሽከረከር የብረት ቅጠል፣ ሐምራዊ የላስቲክ ትል፤ ዓሣውን የሚያባብሉት በእነዚህ ነው። ውሃው ሲጠራ ይሄን፣ ሲደፈርስ ያንን እያለ ያስረዳናል። ከሐምሌ ወዲህ ግን ትንሽ ቁልፍ ገዝቶ አንጠለጠለበት።

ሌላም ነገር ነበር። ከዓሣ ሲመለስ አንድ ቢጫ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት የጓሯችን ገመድ ላይ ይሰቅላል። የግራ እጅ ብቻ ነው። ሌላው የጠፋበት መስሎኝ ከእኔ ጓንቶች የቀኙን ሰጠሁት። "አይ እማማ፣ አንዱ ይበቃኛል" አለና መለሰልኝ። ቢጠፋበት ኖሮ ደስ ብሎት ይወስድ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ሳስብ ዋልኩ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ የወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ሆኜ ሽንኩርት እልጣለሁ። ኑርሑሴን ከሐይቅ ተመለሰ። ጎመን ከተከልኩበት አፈር ዘግኖ ጓንቱን አሸው፤ በጎማው ውሃ አጠበው። ከዚያ ደጋግሞ በውሃ አለቀለቀው። ቆጠርኩ፤ አንድ ጊዜ በአፈር፣ ስድስት ጊዜ በውሃ። ጓንቱን አውልቆ ግራ እጁንም እንደዚያው አደረገ። ሽንኩርቱን አስቀመጥኩት። ልጅ ሳለሁ ውሻ የላሰውን ገበቴ እናቴ ሰባት ጊዜ ስታጥብ አይቻለሁ። በእኛ ቤት ከውሻ ሌላ እንዲህ የሚታጠብለት ያው ስሙን የማንጠራው እንስሳ ነው። ውሻ ደግሞ ኑርሑሴን የለውም።

ሰላምታ ሰጥቶኝ ዙሁር ሊሰግድ ወደ ሳሎን ገባ። ሳጥኑ በረንዳው ላይ ነበር፤ ቁልፉም ተከፍቶ ተንጠልጥሏል። የሰው ዕቃ ነክቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ነካሁ። እሱ ግንባሩን ለሱጁድ ደፍቷል፣ እኔ የእሱን ሳጥን እፈትሻለሁ፤ እስከ ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ። ከእንጨቶቹና ከላስቲኮቹ ሥር፣ በአሮጌ ካልሲ የተጠቀለለ ጠርሙስ አገኘሁ። ውስጡ የጨው ውሃ ነው፤ በውሃው ውስጥ እግራቸው የተሰነጠቀ ትንንሽ እንቁራሪት የሚመስሉ ጥቁር የቆዳ ቁራጮች ተኝተዋል። የጠርሙሱ ወረቀት በቢላዋ ተፍቋል። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ግን አልተፋቀም።

የእንግሊዝኛ ንባቤ ደካማ ነው። አንዲት ቃል ግን ከሩቅ እለያለሁ። እዚህ አገር እንደገባሁ ቶይባ በወረቀት ጽፋ ቦርሳዬ ውስጥ ያስቀመጠችልኝ፣ ብስኩትም ሾርባም ስገዛ ከዕቃው ጽሑፍ ጋር የማስተያያት ቃል ናት። ፒ፣ ኦ፣ አር፣ ኬ፤ የዚያ ስሙን የማንጠራው እንስሳ ሥጋ ማለት ነው። ክዳኑ ላይ የነበረችው እሷ ናት።

ጠርሙሱን በካልሲው ጠቅልዬ መለስኩት። እጄን ታጠብኩ፤ ሰባት ጊዜ። ከዚያ ሻይ አፍልቼ ወሰድኩለት። ስለ ጠርሙሱ አፍ አውጥቼ መጠየቅ ከበደኝ።

"ኑርሑሴን፣ ግራ እጅህ ምን ሆኖ ነው ሰባት ጊዜ የምታጥበው?"

ሻዩን ሳይቀምሰው አስቀመጠው። "አዩኝ?"

"አየሁህ። ሳጥንህንም ከፍቻለሁ፤ እሱን አፉ በለኝ። አንተ ግን እውነቱን ንገረኝ። የምን ቆዳ እንደሆነ ታውቅ ነበር?"

"መጀመሪያ አላወቅኩም፣ ወላሂ። የማጥመጃ ዕቃ የምገዛበት ሱቅ ሰውዬ 'ይሄን መንጠቆህ ላይ ሰክተህ ሞክር' ብሎ ሰጠኝ፤ ላስቲክ መሰለኝ። ሐምሌ ላይ ሌስተር አይቶ ሳቀብኝ። 'አንተ ሰውዬ፣ የምትሸሸውን እንስሳ እኮ በኪስህ ይዘህ ትዞራለህ' አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ጣልኩት። ሁለት ቅዳሜ ባዶ ባልዲ ይዤ መጣሁ። ጀውሃራ 'ምነው፣ ዓሣው ተቀየመህ?' አለችኝ።"

"እና?"

"እና መልሼ ገዛሁት። አሁንማ ውሃው ቀዘቀዘ፤ በብርድ ላስቲኩ ይደነድናል፣ ዓሣው ጎርሶ ይተፋዋል። ይሄ ግን ነፍስ እንዳለው ነገር ይለሰልሳል። በባዶ እጄ አልነካውም፣ እማማ። በቀኝ እጄም ነክቼው አላውቅም። ሼህ ዓብዱልጀባርንም ጠይቄያለሁ።"

"ምን ብለህ?"

"'አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ያደርጋል' ብዬ።"

"እሳቸውስ ምን አሉህ?"

"'ዓሣው ሐላል ነው፤ ሰውየውን ግን ሌላ ነገር ፈልግ በለው' አሉኝ።"

"ነገርከው?"

"ነገርኩት። እምቢ አለኝ።"

ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅኩም። ዓሣው ሐላል መሆኑን እኔም አላጣሁትም። የከበደኝ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓይናችንን እያየ በሰላም ሲያበላን መቆየቱ ነው።

"ለጀውሃራ ምን ብዬ ልንገርልህ?"

"የጠርሙሱን ነገር ይተዉት። ዛሬውኑ እጥለዋለሁ። ከተጣለ በኋላ ማወቋ ምን ይጠቅማታል?"

"አንዴ ጥለኸው ነበር" አልኩት።

በማግስቱ መንገዱን ተሻግሬ ለጀውሃራ ሁለቱንም ነገርኳት፤ መጀመሪያ ጠርሙሱን፣ ቀጥሎ የጋብቻውን ጥያቄ። የሙሽራ ቀሚስ እያጠበበች ነበር፤ ከንፈሮቿ መካከል የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አውጥታ የስፒል መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካች። ትጮኻለች ብዬ ነበር።

"ከሐምሌ ጀምሮ?" ብቻ አለች።

"ከሐምሌ።"

"ይምጣ። ሳጥኑን ይዞ ይምጣ። እርስዎም ይኑሩ።"

ኑርሑሴን ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ሸሚዙን ተኩሷል። ጀውሃራ ጨርቅ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘረጋች። "አንድ በአንድ አውጣ። ከምን እንደተሠራም ተናገር" አለችው። ሻይ አልቀረበለትም።

"ይሄ እንጨት ነው።"

"ይሄስ?"

"ብረት።"

ላስቲኮቹን በጣቶቿ ሳብ ሳብ አድርጋ አሸተተቻቸው። ጨርቅ ስትመርጥ የምታደርገው እንደዚያ ነው። ከዚያ በመንጠቆ ላይ የታሰረ ቡናማ ፀጉር አነሳች።

"የአጋዘን ጭራ ነው" አለ።

"ማን ነገረህ?"

"የሱቁ ሰው።"

"ያንኛውን የሸጠልህ የሱቁ ሰው?"

ኑርሑሴን ፀጉሩን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። "አላውቅም" አለ በመጨረሻ። ጀውሃራ ለብቻው አስቀመጠችው። እንዲህ "አላውቅም" የተባለባቸው ሦስት ዕቃዎች ተለዩ።

"ጠርሙሱስ?"

"ጥዬዋለሁ።"

"የት?"

"እማማ ጓሮ ያለው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ።"

ጀውሃራ ሻርፗን ተከናንባ በቤት ጫማዋ ወጣች። በዝናብ መንገዱን ስትሻገር፣ ከጓሯችን በርሜል ላይ ክዳኑን ስታነሳና በመጥረጊያ እንጨት ስትጎረጉር፣ በቤታችን ጎን ባለው ክፍተት በኩል በመስኮት እናያታለን። ኑርሑሴን አንገቱን ደፋ። እሷ ተመልሳ ገባች፤ እርጥብ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች።

"እውነት ጥሎታል" አለች ወደ እኔ ዞራ። ቅር ያላት ትመስል ነበር። ቀጥላም ለእሱ፣ "ለእማማ የነገርካቸውን አስብበታለሁ። እስከዚያ ግን ስታጠምድ አጠገብህ እቀመጣለሁ። መንጠቆህ ላይ የሚገባውንም እኔ እሰጥሃለሁ" አለችው።

እንዳለችውም አደረገች። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጃንጥላና ታጣፊ ወንበር ይዛ ከኋላው ትወርዳለች፤ ሳጥኑን የምትሸከመው እሷ ናት። እኔም አንድ ሁለቴ ሄጃለሁ። ኑርሑሴን ወደ ሐይቁ የሚገባ የእንጨት መራመጃ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ጀውሃራ ሐምራዊውን ላስቲክ ታቀብለዋለች፤ እሱ ይወረውራል፣ ያጠነጥናል። ውሃው ከቀን ወደ ቀን እየቀዘቀዘ ሄደ። አንዳንድ ቅዳሜ አንድ ያመጣሉ። አንዳንድ ቅዳሜ ምንም። እኛም ወደ ምስራችን ተመለስን።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ጀውሃራ ናት፤ ኑርሑሴን ባዶውን ባልዲ ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። የሁለቱም አፍንጫ በብርድ ቀልቷል።

"ዛሬ አጠገባችን አንድ ፈረንጅ ነበር፣ እማማ" አለች። "ያው ጠርሙስ አለው። ሦስት ትልልቅ ያዘ። ኑርሑሴን ባዶ መሆኑን አይቶ አዘነለትና አንዲት ቁራጭ ዘረጋለት። እኔ ሆን ብዬ ፊቴን ወደ ዛፎቹ አዞርኩ፤ በጎን ግን አየዋለሁ።"

"ወሰደ?"

"ዓይኑ ሄዷል፤ አልዋሽም፣ በደንብ ሄዷል። እጁ ግን አልሄደም።" ጃንጥላዋን ዘግታ ውሃውን ደጃፉ ላይ አራገፈች። "ስለዚህ እሺ ብላለች ብለው ይንገሩልኝ።"

"እሱ እኮ ከኋላሽ ቆሟል!"

"ቢቆምስ? ጥያቄው የመጣው በእርስዎ በኩል ነው።"

እኔም በትከሻዋ ላይ አሻግሬ፣ "ኑርሑሴን፣ እሺ ብላለች" አልኩት።