በሁለቱ መስመሮች መሃል

እናቴ አይናለም በንፋስ መውጫ ስልክ ቤት ማዞሪያ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች። ጡረታ ከወጣች በኋላም አንገቷ ወደ ግራ እንደዘመመ ቀረ፤ ማዳመጫውን በትከሻዋ ደግፋ በሁለት እጇ ገመድ ስትሰካ ስትነቅል ስለኖረች ነው። ጎረቤት ሲያማት "አይናለም ሰው ስታይ ትገላምጣለች" ይላል። ግልምጫ አይደለም፣ አንገቷ ነው። ብትገላምጥስ? የአገሩን ጉድ ሁሉ ሰምታ አንድ ቀን ያልተነፈሰች ሴት ናት።

በደርግ ጊዜ ማዞሪያዋ ላይ የሚያጨናንቋት መስመሮች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር፣ አንዱ ወደ አርብ ገበያ። አርብ ገበያ ያለ ሰው ደብረ ታቦርን ከፈለገ ሁለቱም ነጻ መሆን አለባቸው። እናቴ መሃል ሆና ታገናኛቸዋለች። በአንድ መስመር ሁለት ወሬ አይሄድም፤ የያዘው እስኪለቅ ሌላው ይጠብቃል።

አባቴ ካሴ የዚሁ መሥሪያ ቤት የመስመር ሠራተኛ ነበር። ምሰሶ ይወጣል፣ የተበጠሰ ሽቦ ይቀጥላል። እኔ የማውቀው ከአንድ ፎቶግራፍ ነው።

በሰባ ሰባት ዓ.ም.፣ በዚያ ክፉ የድርቅ ዓመት፣ አንድ አርብ ሽቦ ሊጠግን ወደ አርብ ገበያ ወረደ። ሥራውን ሲጨርስ ለእኔ ለሦስት ዓመት ልጁ ጫማ ሊገዛ ገበያ ገባ። ገበያው ተከበበ። ያን ጊዜ ለሰፈራ ሰው የሚታፈሰው እንዲህ ነበር፤ ገበያተኛው አህያውን ሳይፈታ፣ እህሉን ሳይሰበስብ ወደ መኪና። አባቴ ጋቢ ለብሷል፣ መታወቂያውን ቤት ረስቷል። ማን የመንግሥት ሠራተኛ ነው ብሎ ይመነው!

በሰባት ሰዓት የአርብ ገበያው ስልከኛ ደምሌ ደወለ።

"አይናለም፣ ካሴን ጫኑት።"

"የእኛ ሠራተኛ ነው አላልካቸውም?"

"አልኩ እንጂ! ካድሬው አለቃው ከደብረ ታቦር በራሱ አንደበት ካልነገረኝ አላወርድም አለ። መኪኖቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣሉ። ሰውዬው እዚሁ አጠገቤ ቆሟል። ይህን መስመር እንዳትለቂው እታለም፣ ከለቀቅሽው ሌላ ይይዘዋል።"

የአርብ ገበያን ገመድ እንደሰካች በቀኝ እጇ ይዛ ወደ ደብረ ታቦር ደወለች። ካሣነሽ የምትባል ስልከኛ አነሣች።

"ካሣነሽ፣ አቶ ወርቁን ስጪኝ፣ ቶሎ በይ።" አቶ ወርቁ የአባቴ አለቃ ነው።

"አልችልም እህቴ፣ መስመሩ ተይዟል። የአስተዳደሩ ቢሮ አርብ ገበያን በአስቸኳይ ይፈልጋል፤ የቢሮው ሰው ይኸው ጆሮው ላይ አድርጎ እየጠበቀ ነው። አርብ ገበያን ስጪኝ።"

"አርብ ገበያ ተይዟል።"

"እንግዲያው እጠብቃለሁ። አስቸኳይ እንደማይነቀል ታውቂያለሽ።"

እናቴ የባሏን ነገር ከአፏ መለሰችው። አስተዳደሩ መስመሩ ላይ ካለ ይሰማል፤ በመንግሥት ስልክ የቤት ጉዳይ ማውራት ያሳስራል፣ የሰፈራን ነገር ማንሣት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ምን ሊሉ ነው አርብ ገበያን የሚፈልጉት? መኪኖቹን አፍጥኑ ሊሉ ነው፣ ሌላ ምን ይላሉ! ብላ አሰበች። መስመሩን ብሰጣቸው አንድ ሰዓት ሲያወሩ ካድሬው ትቶኝ ይሄዳል፣ አለች በልቧ። ስለዚህ ያዘች። ካሣነሽም በዚያ በኩል ያዘች። እናቴ የቤተ ልሔሟን ማርያም እየተማጸነች እጇ እስኪደነዝዝ ያን ገመድ ይዛ ተቀመጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደምሌ "መኪኖቹ ተነሡ" አላት።

አባቴን መተከል ወሰዱት። በሁለተኛው ዓመት ወባ እንደገደለው ከዚያ አምልጦ የመጣ ሰው ነገረን። ጫማውን ገዝቶት ይሁን አይሁን አላውቅም።

እናቴ ይህን ታሪክ አርባ ዓመት ስትነግረኝ መጨረሻው አንድ ነው፦ "እኔም ወርቁን አጣሁት፣ ወርቁም ሳይሰማ ቀረ። ያ ርጉም ሽቦ!" ሽቦውን ትረግማለች፣ የቀረውን ዝናብ ትረግማለች፣ አስተዳደሩን ትረግማለች። በእርግማኑ ትጽናና ነበር፤ እኔም እንዲህ ብታምን እወድ ነበር።

አምና ጋሽ ወርቁ ታሞ ልጠይቀው ሄድኩ። ያን ቀን ገበያው መታፈሱን ከፖሊስ ሬድዮ ሲሰማ፣ ካሴ እዚያ መሆኑን ያውቃልና፣ ሮጦ አስተዳደሩ ቢሮ ገብቶ ነበር፤ አስቸኳይ ማዘዝ የሚችለው የቢሮው ስልክ ብቻ ነውና። "ካሴ የእኔ ሠራተኛ ነው፣ አውርዱት ልል ሁለት ሰዓት ሙሉ ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆምኩ፤ አርብ ገበያ አልለቅ አለ" አለኝ። ወር ሳይሞላው ሞተ። እኔም ነገሩን ዋጥኩት።

የእኔ ሥራ አዲስ አበባ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ። ከርነል በሚሉት በእምብርቱ ውስጥ፣ ከኔትወርክ የሚመጣውን መልእክት የሚቀበለውን ክፍል እጽፋለሁ። ለፋሲካ ስወርድ እናቴ "ምንድን ነው የምትሠራው? አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አስረዳኝ" አለች። ደስ አለኝ፣ ሞኙ።

"ለሚመጣው መልእክት ሁሉ ማረፊያ የሚሆን ሜሞሪ እሰጣለሁ። ሁለት ሥራ በአንድ ቦታ እንዳይጋጭ አንዱ ሲገባ ይቆልፋል፣ ሌላው ውጭ ይጠብቃል። ቁልፍ ሲበዛ ሁሉም ይንቀራፈፋል፤ ሲያንስ መልእክቱ ይበላሻል።"

"ማረፊያው ሲያልቅስ?"

"ወይ ቁልፉን ለቅቀሽ ትጠብቂያለሽ፣ ወይ መልእክቱን ትጥይዋለሽ። ቁልፍ ይዞ መጠበቅ ግን ክልክል ነው።"

"ለምን?"

ወረቀት አወጣሁና ሁለት መስመር ሣልኩላት። እሷ ፈጣን ናት፣ ሥራዋ ነበረ። እኔም የአዋቂነት ሙቀት ይዞኝ፣ "የምትጠብቂውን የያዘው ሰው አንቺ የያዝሽውን እየጠበቀ ይሆናላ! ልክ ጋሽ ወርቁ አስተዳደሩ ቢሮ ሆኖ አርብ ገበያን..." አልኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ።

"ወርቁ? በአስተዳደሩ ስልክ ላይ የነበረው ወርቁ ነው?"

እርሳሱን ከእጄ ወሰደችና የሁለቱ መስመሮች መሃል ላይ አሳረፈችው።

"ይቺ እኔ ነኝ?"

"እማዬ፣ አንቺ በምን ታውቂያለሽ..."

"ብለቅቀው ኖሮ ይገባ ነበር?"

መዋሸት እችል ነበር። በሥራዬ የለመድኩት እውነቱን መናገር ሆነና "አዎ" አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

አላለቀሰችም። ቀኝ እጇን ገልብጣ መዳፏን ብቻ ታየው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ ስደውልላት ታነሣለች። ደህንነቴን ትጠይቃለች፤ ሁለት ቃል ሳንለዋወጥ ግን ትቸኩላለች።

"በል ልልቀቀው ልጄ" ትለኛለች፣ "ሌላ ሰው እየጠበቀ ይሆናል።"