ጋቢ የለበሰ ሞተር

ላቀው ባለወፍጮው ሁለት ጣቱን እንዴት እንዳጣ ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ የለም። በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ አገር ሁሉ ታቦት ሲያነግሥ፣ እሱ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ሲፈጭ መልአኩ መዘውሩን በሰይፉ ጫፍ ነካ አደረገው፤ አለቀ። ይህን ከነገሩኝ ሰዎች አንዳንዶቹ ሰይፉ ሲብለጨለጭ በበሩ ቀዳዳ አይተዋል። አንዷማ ጣቶቹ ከዱቄቱ ጋር ተቀላቅለው የማን ቤት እንደገቡ ሁሉ ታውቃለች፤ ስም ግን አትጠራም፤ ሰው ማማት አትወድም።

እውነቱ እንደዚህ አያምርም። ላቀው የተጎዳው በሚካኤል ማግሥት ነው። በሚካኤል ዕለት ወፍጮው ተዘግቶ ነበር፤ እሱም የዋለው ጎረቤቱ የሺወርቅ ቤት፣ ከማኅበርተኞቹ ጋር ጠላ ሲጠጣ ነው። ወሬዋ ግን ዳባት ለመድረስ ስትቸኩል አንዲቷን ቀን መንገድ ላይ ጣለቻት።

ነገሩ የጀመረው በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ውርጩ ሲበረታ ነው። ሲያጓራ የነበረው ሞተር በሥራው መካከል ድንገት ጸጥ ይላል። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ አምፖሉ ያነሣል፤ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል። መብራት ሳይሄድ ወፍጮ ሲቆም ማየት ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር ነው። ላቀው ሞተሩን ከመዘውሩ የሚያገናኘውን ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ አጠበቀ፤ ሞተሩ ቆመ። ድንጋዩን አውርዶ ወቀረው፤ ሞተሩ ቆመ። «የበየዳ ገብስ እርጥበት አለው» ብሎ የበየዳዎችን ገብስ ፀሐይ ላይ አሰጣባቸው፤ እነሱ ተቀየሙ፤ ሞተሩም ቆመ።

ከመቆሙ ይልቅ የሚገርመው መነሣቱ ነበር። ጥቂት ካረፈ በኋላ ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሣል። ስለዚህ ላቀው ማብሪያውን አያጠፋውም፤ ካጠፋው በሽተኛው መዳኑን በምን ያውቃል?

«ጉንፋን ይዞታል እኮ!» አለች አንድ ቀን በርበሬ ነጋዴዋ ኑራ፣ ከወረፋው መካከል። «ፌጦ በሎሚ አጠጣው እንጂ ላቀው!»

«አንቺ በርበሬሽን አስቀድመሽ እየሰጠሽው እንዴት ጉንፋን ይይዘዋል?» አላት ላቀው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። የላቀው ሚስት አረጋሽ ግን አልሳቀችም። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ለመነሣት ሲያቃስት እሷም ሰምታለች። ቤቷ ሄዳ፣ ፈትሉን በገዛ እጇ ፈትላ ለባሏ ያሠራችውን ጋቢ ይዛ መጣችና ሞተሩን ከፊት እስከ ኋላ ጠቅልላ፣ በገመድ ሸብ አደረገችው።

«በርዶት ነው» አለች። «በደባርቅ ብርድ ራቁቱን የሚውል ማን አለ?»

ማንም አልተቃወማት። ወረፋ የያዙት ሁሉ «እውነቷን ነው፤ ብርድ መቶታል» አሉ። እኛ አገር ላመመው ሁሉ የምናውቀው መድኃኒት ማልበስ ነው። ሞተሩ በማግሥቱ ባሰበት፤ አረጋሽም ጋቢው ላይ የበግ ቆዳ ደበሎ ደረበችለት። እየቆመ ሲያስቸግር ሰነበተ፤ ጥቂት የማይባሉ ደንበኞችም ማዳበሪያቸውን ተሸክመው ከመናኸሪያው ማዶ ወደተከፈተው አዲስ ወፍጮ ተሻገሩ።

በሚካኤል ማግሥት ወረፋው በር አልፎ ጎዳና ደረሰ። ትናንት ተዘግቶ ስለዋለ የሁለት ቀን እህል ተከምሯል። ሞተሩ ጥቂት አጓርቶ ቆመ። «ተነሡ፣ ወደ ማዶ እንሂድ» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ይህን ሲሰማ ላቀው ቸኮለ። ቺንጊያው ላልቶ እንደሆነ ለማየት እጁን ሰደደ። ማብሪያው እንደበራ ነው። በዚያው ቅጽበት ሞተሩ ከእንቅልፉ ነቃና ቺንጊያው እጁን ይዞ ወደ መዘውሩ ሄደ።

ከአምባ ጊዮርጊስ ሙጃሂድ የሚባል የሞተር ጠጋኝ ተጠርቶ የመጣው ላቀው እጁን ጠቅልሎ ከሐኪም ቤት ከተመለሰ በኋላ ነው። ሙጃሂድ ገና ከበሩ ሆኖ ሞተሩን ሲያይ ቀልዱ አመለጠው።

«ይኼን አራስ ያረሰው ማነው? ገንፎው የታል?»

የላቀውን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ገመዱን ፈትቶ ደበሎውንና ጋቢውን አነሣ፤ በሞተሩ ቂጥ ያለው ወንፊት በዱቄትና በጋቢ ክር ተደፍኗል።

«ጋሽ ላቀው፣ ይኼ በዚህ በኩል ነው የሚተነፍሰው። ውስጡ ማራገቢያ አለ፤ አየር እየሳበ ራሱን ያበርዳል። መጀመሪያ ዱቄቱ ደፈነው፤ እናንተ ደግሞ ጨርሳችሁ አፈናችሁት። በጣም ሲግል ውስጡ ያለች ትንሽ ነገር መብራቱን ትቆርጥበታለች፤ ሲበርድ መልሳ ታገናኛለች። ከእንግዲህ ሲቆም መጀመሪያ ማብሪያውን ያጥፉ፣ ከዚያ ይንኩ።»

ሙጃሂድ ወንፊቱን ሲጠርግ ላቀው ጋቢውን በደህናው እጁ ተቀበለ።

«ይኼን ነገር ለሰው አትንገር» አለው።

«ለምን? ከተማው እኮ በሚካኤል ፈጭቶ ነው እያለ ነው! መናኸሪያው ላይ ገና ከመኪና ሳልወርድ ነው የነገሩኝ።»

«ይበሉ። አረጋሽ እንዳትሰማ።»

አረጋሽ በዚያ ሰሞን እንጀራውን እየቆረሰች ታጎርሰው፣ የነጠላውን ጫፍ እሷ ታጣፋለት ነበር። «የኔን ጣት በወሰደው» እያለች ታለቅሳለች። ጣቱን የወሰደው የእሷ ጋቢ መሆኑን በየትኛው አፉ ይንገራት? «አልፈጨሁም» ብሎ ቢከራከር «ታዲያ ሞተሩን ምን አቆመው? ምን አስነሣው?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ዝም አለ። ሞተሩ ራቁቱን ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ያጓራል፤ የሚፈጨው ግን የለም። በበዓል የሚፈጭ ሰው ቤት እህሌን አልሰጥም ያለው በዛ። አረጋሽ ጋቢውን ብታመጣለት «ተይው፣ ብርዱን ለምዶታል» አላት። እሷም ጋቢውን አየች፣ ሞተሩን አየች፣ ጋቢውን አጣጥፋ ይዛው ወጣች።

የታኅሣሥ ሚካኤል ማኅበር ተራው የላቀው ነበር። ማኅበርተኞቹ ይመጡ ይሆን ወይስ ይቀሩ እየተባለ ሲወራ ሰነበተ። መጡ፤ የሺወርቅም መጣች። ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ፤ ጠላው ተቀዳ፤ ከላቀው እጅ ጽዋውን ለቀጣዩ ወር ተራ የሚቀበል ግን ጠፋ። ያን ዕለት ጽዋው ካልተነሣለት ከማኅበሩ ወጣ ማለት ነው፤ ከማኅበር የወጣ ሰው ደግሞ ደባርቅ ላይ ማን ይቀብረዋል?

የንስሐ አባቱ መምሬ ገብረ ክርስቶስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ሰው የሚለውን ሰምተሃል። ፈጭተህ እንደሆነ ተናገርና ንስሐህን ልስጥህ፤ ነገሩም ይብቃ።»

ላቀው ወደ ጓዳው በር አየ። አረጋሽ እንስራዋን ታቅፋ ቆማለች።

«ፈጭቻለሁ አባቴ» አለ።

«አልፈጨም!» አለች አረጋሽ። እንስራዋን አስቀመጠችው። «ሞተሩን ያፈነው የኔ ጋቢ ነው። ጋቢው ከወለቀ ጀምሮ አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም፤ እኔም ዓይን አለኝ። የማይገባህን ንስሐ በኔ ምክንያት አትቀበል።»

መምሬ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ላቀው ጽዋውን በተጎዳው እጁ እንደያዘ ሁሉንም በየተራ አያቸው፤ የሺወርቅ ጋ ሲደርስ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች።

«እንግዲህ እሷ ከተናገረች እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ባለፈው ወር በሚካኤል ዕለት፣ እዚያ የሺወርቅ ቤት፣ ከጎኔ ተቀምጦ ሲጠጣ የነበረው ማነው?»